ወንዝን በቁጥር ማወቅ፦ የውሃ ጥራትን በበጎ ፈቃድ ለመከታተል የሚሆን መመሪያ

ወንዝ ዳር የኖረ ሰው ውሃው መቼ እንደተበላሸ ያውቃል። ሽታው ይነግረዋል። ዓሣው ይጠፋል፣ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ልጆች መዋኘት ይተዋሉ። ይህን እውቀት ይዞ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሲሄድ ግን የሚጠየቀው ሌላ ነው። ከመቼ ጀምሮ? የቱ ጋ? ምን ያህል? «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ማለት እውነት ቢሆንም ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አይሆንም።

መልስ የሚሆነው መዝገብ ነው። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ፣ ለረጅም ጊዜ የተያዘ መዝገብ። ይህን ላብራቶሪ የሌላቸው ተራ ሰዎች ሊሠሩት ይችላሉ፤ ሲሠሩትም ኖረዋል። አሜሪካ ውስጥ አይዛክ ዋልተን ሊግ የተባለው ማኅበር «ሴቭ አወር ስትሪምስ» የተሰኘውን የወንዝ ክትትል ፕሮግራሙን የጀመረው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሚኒሳስ የሚባል ዘዴ አለ። የትምህርት ቤት ልጆች ሳይቀሩ መረብ ይዘው፣ 13 የውሃ ነፍሳት ቡድኖችን እየለዩ የወንዛቸውን ጤና ይገምታሉ። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ዓሣ አጥማጆች ስምንት የነፍሳት ቡድኖችን እየቆጠሩ ወንዛቸውን ይጠብቃሉ።

እኔም ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆኜ ይህን ሥራ ስሠራ ቆይቻለሁ። ከዚህ በታች ያለው ከዜሮ ለሚጀምር ቡድን የሚሆን አካሄድ ነው። አንዳንዱን ደረጃ በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ላይ ግን እቆያለሁ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ጻፉ

ብዙ ቡድን የሚጀምረው ዕቃ በመግዛት ነው። ዕቃው ይመጣል፣ ሁሉም ይለካል፣ ከሦስት ወር በኋላ ማንም አይመጣም። ሰው ሰንፎ አይደለም። ምን ለማወቅ እንደሚለኩ ቀድመው ስላልተነጋገሩ ነው።

ቁጭ በሉና አንድ ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «የሰፈሩ ፍሳሽ ከገባ በኋላ የወንዙ ኦክስጅን ይቀንሳል ወይ?» ወይም «ዝናብ ሲመጣ የእርሻ ማዳበሪያ ታጥቦ ወንዙ ውስጥ ይገባል ወይ?» ወይም «ልጆች የሚዋኙበት ቦታ የሰገራ ባክቴሪያ አለበት ወይ?» ሦስቱም ጥያቄዎች ስለ አንድ ወንዝ ናቸው። የሚፈልጉት ዕቃ፣ ቦታና ሰዓት ግን የተለያየ ነው። ለመጀመሪያው ኦክስጅንና ነፍሳት ይበቃሉ። ሁለተኛው ናይትሬትና ፎስፌት (ከማዳበሪያ የሚመጡ ንጥረ ነገሮች) መለካት ይፈልጋል። ሦስተኛው የባክቴሪያ ምርመራ ካልተደረገለት መልስ የለውም።

ወንዛችሁ ገና ደህና ከሆነም ሥራ አለ። ሳይበላሽ በፊት ምን ይመስል እንደነበር መመዝገብ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ነው። ከተበላሸ በኋላ ያንን ቁጥር ከየትም ማምጣት አይቻልም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። በዚህ መመሪያ የምትለኩት ነገር ውሃው ይጠጣል ወይም አይጠጣም ብሎ ለመፍረድ አይበቃም። ከባድ ብረቶችና የፀረ ተባይ ኬሚካሎች በእነዚህ ዕቃዎች አይታዩም። ውጤቱን ለሰው ስትናገሩ ይህን ሳትናገሩ አትለፉ።

ደረጃ 2፦ ሰውና ፈቃድ

ለአንድ መለኪያ ቦታ ቢያንስ ሦስት የሠለጠኑ ሰዎች ይኑሩ። ወንዝ ዳር የሚሄዱት ሁለት ናቸው፤ ሦስተኛው አንዱ ሲታመም ይተካል። አንድ ትጉህ ሰው ላይ የቆመ ክትትል ያ ሰው ቤት በቀየረ ቀን ያበቃል።

ቦታው የግል መሬት ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ውሃን የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ደግሞ ሥራው ሳይጀመር አነጋግሩ። «መረጃችንን እንድትጠቀሙበት ምን ዓይነት ቅጽና ዘዴ ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዓመት በኋላ መዝገቡን ይዛችሁ ስትቀርቡ «ይህ ዘዴ ተቀባይነት የለውም» ከመባል ያድናችኋል። በአካባቢው ዩኒቨርሲቲ ወይም ላብራቶሪ ካለ አንድ ባለሙያ በዓመት አንድ ሁለት ቀን አብሯችሁ እንዲለካ ለምኑ። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይመጣሉ።

ደረጃ 3፦ ቦታ መምረጥ

ቦታ ከተበላሸ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ቀን ለዚህ ስጡት። በወንዙ ዳር በእግር ሂዱ፤ ቱቦ፣ ቦይ፣ ገባር ወንዝ፣ ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ቆሻሻ የሚጣልበት ቦታ ሁሉ በንድፍ ካርታ ላይ ይግባ።

የብክለት ምንጭ ብላችሁ የጠረጠራችሁት ነገር ካለ ሁለት ቦታ ያስፈልጋችኋል። አንዱ ከምንጩ በላይ፣ ሌላው ከምንጩ በታች። የላይኛው ከሌለ የታችኛው ቁጥር ማንንም አያሳምንም። «ከላይም እንዲሁ ነበር» ቢሏችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

የታችኛው ቦታ ቱቦው አፍ ላይ አይሁን። ከቱቦ የወጣ ፍሳሽ ወዲያው ከወንዙ ጋር አይቀላቀልም፤ አንዱን ዳር ይዞ ረጅም መንገድ ይሄዳል። በቀለም ወይም በአረፋ ይታይ ይሆናል። በዓይን ካልታየ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ (ውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው መጠንን የሚያሳይ ዕቃ) ይዛችሁ ከዳር እስከ ዳር በአምስት ነጥብ ለኩ። አምስቱም ተቀራራቢ ቁጥር ከሰጡ ውሃው ተቀላቅሏል፤ እዚያ መለካት ትችላላችሁ። ካልተቀራረቡ ወደ ታች ውረዱ።

ውሃው በጠጠር ላይ እየተንሿሿ የሚያልፍበት፣ ከጉልበት የማይበልጥ ቦታ ጥሩ ነው። ያቆረ ውሃ አትምረጡ። ነፍሳት ለመቁጠር ካሰባችሁ ደግሞ የላይኛውና የታችኛው ቦታ መመሳሰል አለባቸው። አንዱ ድንጋያማ፣ ሌላው ጭቃ ከሆነ ነፍሳቱ የሚለያዩት በብክለት ሳይሆን በወለሉ ምክንያት ይሆናል።

ከዚያ ቦታውን ምልክት አድርጉበት። በስልክ የጂፒኤስ ቁጥሩን ውሰዱ። የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ትልቅ ድንጋይ ወይም የድልድይ ምሰሶ፣ መነሻ አድርጋችሁ «ከምሰሶው 12 እርምጃ ወደ ላይ» ብላችሁ ጻፉ። ሽቅብ፣ ቁልቁልና ማዶ እያያችሁ ሦስት ፎቶ አንሱ። በየጊዜው እነዚያኑ ሦስት ፎቶዎች ከዚያው ቦታ ድገሙ።

ደረጃ 4፦ ቀንና ሰዓት

በወር አንድ ጊዜ ጥሩ መነሻ ነው። በየሳምንቱ ብላችሁ ጀምራችሁ ከምታቋርጡ በወር አንዴ ሳታጓድሉ ብትሄዱ ይሻላል።

ሰዓቱ ግን አይቀያየር። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ውሃ ውስጥ ያሉ ዕፅዋትና አልጌ (ድንጋይ ላይ የሚታየው አረንጓዴ የሚያዳልጥ ነገር) ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ያመርታሉ። ሌሊት ግን ራሳቸውም ይተነፍሳሉ፤ ማምረት ቆሞ መጠቀም ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የወንዝ ኦክስጅን ዝቅ የሚለው ጎህ ሲቀድ አካባቢ ነው፤ ከፍ የሚለው ከቀትር በኋላ ነው። አልጌ በበዛበት ወንዝ ልዩነቱ በጣም ሰፊ ሊሆን ይችላል። አንድ ወር በጠዋት፣ በሚቀጥለው ከሰዓት በኋላ ከለካችሁ መዝገባችሁ የሚያሳየው ሰዓቱን እንጂ ወንዙን አይደለም። ለኦክስጅን ጠዋት በማለዳ መሄድ የተሻለ ነው፤ ችግር ካለ የሚታየው ያኔ ነው።

ዝናብም እንዲሁ ነው። ረጅም ደረቅ ጊዜ አልፎ የሚመጣው የመጀመሪያ ዝናብ መንገድ ላይ፣ እርሻ ላይና ቦይ ውስጥ የተጠራቀመውን ሁሉ ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ይከታል። ያ ቀን ከሌላው ቀን ጋር አይወዳደርም። ቢቻል ከመደበኛው ልኬት ውጪ ለብቻው ይለካ። ይህ ባይሆን እንኳ ባለፉት 24 ሰዓትና ባለፉት ሦስት ቀናት ዝናብ መዝነቡን ሁልጊዜ መዝግቡ። ይህ አንድ መስመር ከሌለ በኋላ ላይ ብዙ ቁጥር ምክንያቱ አይገኝም።

ደረጃ 5፦ ዕቃ

ሁሉም በአንዴ አያስፈልግም። ለመጀመር ቴርሞሜትር፣ የውሃ ድፍርስነት ማያ ቱቦ፣ የፒኤች (የአሲድነት ደረጃ) መለኪያ፣ የአስተላላፊነት መለኪያ፣ መረብ፣ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን፣ ክዳን ያላቸው ንጹሕ ጠርሙሶች፣ እርሳስና ጠንካራ ደብተር በቂ ነው። ቀጥሎ የኦክስጅን ኪት (የመለኪያ ኬሚካሎች ስብስብ)፣ ከዚያ የናይትሬትና የፎስፌት ኪት ይጨመራሉ። መረቡ ቀዳዳው 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ይሁን።

ኪት ስትገዙ የማለቂያ ቀኑን እዩ። ጊዜው ያለፈበት ኬሚካል ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው። ኪቱ የሚለካው መጠን ከወንዛችሁ ጋር መመጣጠኑንም አረጋግጡ። በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም በታች መለየት የማይችል የናይትሬት ወረቀት ንጹሕ ወንዝ ላይ ዓመቱን ሙሉ «ዜሮ» ሲላችሁ ይከርማል።

የማያ ቱቦውን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ፣ ከታች የተደፈነ፣ ወለሉ ላይ በጥቁርና ነጭ አራት ቦታ የተከፈለ ክብ ምልክት ያለበት፣ ጎኑ ላይ ሴንቲ ሜትር የተጻፈበት ነው። ሐሳቡ ከጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጄሎ ሴኪ የመጣ ነው። እሱ በ1865 እ.ኤ.አ. ነጭ ሰሌዳ ወደ ባሕር እያወረደ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ጥልቀቱን ይለካ ነበር።

ደረጃ 6፦ ደኅንነት

ብቻችሁን አትሂዱ። ከጉልበት በላይ ወደሆነ ውሃ አትግቡ። ወንዙ ሞልቶ፣ ቀለሙ ተለውጦ፣ ግንድ እየገፋ ከመጣ ያ ወር ይለፋችሁ። ደብተሩ ላይ «ወንዙ ሞልቶ ስለነበር አልተለካም» ብሎ መጻፍም መረጃ ነው።

ቦት ጫማና ጓንት አድርጉ። በሞቃት አገሮች ብዙ ወንዞች ውስጥ ቢልሃርዝያ አለ። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ ሲሆን ጥገኛ ትሉ ቆዳን በስቶ ይገባል። በእንዲህ ያለ ቦታ በባዶ እግርና በባዶ እጅ ውሃ አትንኩ። ቁስል ካለባችሁ በደንብ ሸፍኑት። ሲጨርሱ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፤ ከመታጠብ በፊት ምንም አይበላም።

ከአንድ ወንዝ ወደ ሌላ የምትሄዱ ከሆነ ቦቱንና መረቡን አጥባችሁ በደንብ አድርቁ። የማይታይ ዘርና በሽታ ከወንዝ ወደ ወንዝ በዚህ መንገድ ይሻገራል።

ደረጃ 7፦ ወንዙ ዳር

ሁለት ቦታ የምትለኩ ከሆነ ከታችኛው ጀምሩ፣ ወደ ላይ ውጡ። ከላይ ከጀመራችሁ የቀሰቀሳችሁት ጭቃ ቀድሟችሁ ይደርሳል።

ከመግባታችሁ በፊት ለአምስት ደቂቃ ቆማችሁ እዩ። የአየሩን ሁኔታ፣ የውሃውን ቀለም፣ ሽታውን፣ አረፋውን፣ ስስ የዘይት ሽፋን መኖሩን፣ ድንጋዩ ላይ ያለውን አልጌ መዝግቡ። ዘይት የሚመስል ነገር ካያችሁ በእንጨት ንኩት። እንደ መስታወት ተሰባብሮ ከቀረ ባክቴሪያ የሠራው ተፈጥሯዊ ነገር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ወዲያው ተመልሶ ከገጠመ ግን ነዳጅ ወይም ዘይት ሳይሆን አይቀርም።

ናሙና ስትወስዱ ፊታችሁ ውሃው ወደሚመጣበት ይሁን። ጠርሙሱን በወንዙ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፤ ያለቀለቃችሁበትን ከኋላችሁ ድፉት። ከዚያ አፉን ወደ ታች ደፍታችሁ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አስገቡት፣ እዚያ አዙሩትና ሙሉት። ውሃው ጥልቀት ከሌለው ከላዩና ከወለሉ መሐል ይሁን። የላይኛው ቆሻሻም የወለሉ ጭቃም መግባት የለበትም።

የሙቀት መጠኑን በመጀመሪያ ለኩ። ቴርሞሜትሩን ሁለት ደቂቃ ውሃ ውስጥ አቆዩና ሳታወጡት አንብቡ። ካወጣችሁት ንፋሱ ያቀዘቅዘዋል።

ለድፍርስነት ቱቦውን ሙሉ፣ ጥላ ውስጥ ቁሙ፣ የፀሐይ መነጽር አውልቁ። ከላይ ወደ ታች እያያችሁ ውሃውን ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ጥቁርና ነጩ መለየት ሲጀምር ያለውን ሴንቲ ሜትር ጻፉ። ውሃው ከዘቀጠ በኋላ አትለኩ፤ ልትለኩ ስትሉ በጥብጡት።

ፒኤች ላይ ብዙ አልቆይም። አብዛኛው ደህና ወንዝ ከ6.5 እስከ 8.5 ባለው ውስጥ ነው። ቁጥሩ በአንድ ሲቀየር አሲድነቱ በ10 እጥፍ እንደሚቀየር ብቻ አስታውሱ። መለኪያውን በወጣችሁበት ቀን ፒኤቹ 7 በሆነና 4 ወይም 10 በሆነ ማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክሉት። ጫፉን በዲስቲልድ (በትነት በተጣራ) ውሃ ውስጥ አታኑሩት፤ ይበላሻል። የራሱ ማቆያ ፈሳሽ አለው።

የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ርካሽና ፈጣን ነው፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው ምን ያህል እንደሆነ ይነግራል። ምን ዓይነት ጨው እንደሆነ አይነግርም። ወንዞች እንደ መሬታቸው በጣም ስለሚለያዩ ከሌላ ወንዝ ጋር አታወዳድሩት፤ ከራሱ ከትናንቱ ጋር አወዳድሩት። ሁልጊዜ 200 ማይክሮ ሲመንስ አካባቢ የነበረ ወንዝ አንድ ቀን 600 ካሳየ አንድ ነገር ገብቷል። ምንጩን ለማግኘት እየለካችሁ ሽቅብ መውጣት ነው።

ኦክስጅን ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። የኬሚካል ኪቱ መሠረት ሃንጋሪያዊው ኬሚስት ላዮሽ ቪንክለር በ1888 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘዴ ነው። ጠርሙሱ ውሃ ውስጥ እንዳለ ይሞላል፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ ይከደናል። አንዲት የአየር አረፋ እንኳ ከገባች ውጤቱ ከፍ ይላል። ገልብጣችሁ አረጋግጡ፤ አረፋ ካያችሁ እንደገና ሙሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኬሚካሎች ስትጨምሩ ቡናማ ዝቃጭ ይፈጠራል። ነጭ ሆኖ ከቀረ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን የለም ማለት ነው። አሲዱ ከገባ በኋላ ናሙናው ስለሚጸና ቀሪውን ጥላ ቦታ ተቀምጣችሁ መጨረስ ትችላላችሁ።

ቁጥሩን ያለ ሙቀት መጠኑ አታንብቡት። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል። በባሕር ወለል ከፍታ በ10 ዲግሪ ሊይዝ የሚችለው 11.3 ሚሊ ግራም በሊትር ገደማ ነው፣ በ20 ዲግሪ 9.1፣ በ30 ዲግሪ 7.6። ከፍታም ይቀንሰዋል። 2,000 ሜትር ላይ ያለ ወንዝ በዚያው ሙቀት የሚይዘው ከአንድ አምስተኛ በላይ አንሶ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ በ20 ዲግሪ 7 ብታገኙ አትደንግጡ፤ ውሃው መያዝ የሚችለውን ያህል ይዟል። ከ5 በታች ሲወርድ ግን ብዙ ዓሣ ይጨነቃል። ከ2 በታች አብዛኛው መኖር አይችልም።

ናይትሬትና ፎስፌት ላይ ቡድናችን አንድ ጊዜ በጣም ተሳስቷል። አሮጌው ኪት ውጤቱን የሚሰጠው በናይትሬት ነበር፤ አዲሱ ደግሞ በናይትሬት ናይትሮጅን፣ ማለትም ናይትሬቱ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ቆጥሮ። ማንም አላስተዋለም። መዝገቡ ላይ ወንዙ በአንድ ወር ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ የጠራ መሰለ። ደስ ብሎን ለሰው ልንናገር ስንል ነው አንዷ አባላችን ማሸጊያውን አንብባ የነገረችን። 1 ሚሊ ግራም ናይትሬት ናይትሮጅን 4.43 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው። ፎስፌትም እንዲሁ ነው፤ 1 ሚሊ ግራም ፎስፈረስ ወደ 3.07 ሚሊ ግራም ፎስፌት ይሆናል። ከቁጥሩ አጠገብ የትኛው እንደሆነ ሁልጊዜ ይጻፍ። ቀለሙን የምታነቡት ኪቱ ባለው ደቂቃ ልክ፣ በቀን ብርሃን፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በሌለበት ይሁን። አንዳንድ የናይትሬት ኪት ካድሚየም አለበት፤ ካድሚየም መርዝ ነው። የተጠቀማችሁበትን ፈሳሽ በአንድ ጠርሙስ እያጠራቀማችሁ ለላብራቶሪ ስጡ። ወንዝ ውስጥ መድፋትማ ፈጽሞ አይታሰብም።

የባክቴሪያ ምርመራ ካሰባችሁ የናሙና አወሳሰዱ ይለያል። ጠርሙሱ ከጀርም የጸዳ ስለሆነ አይለቀለቅም። ውስጡን አትንኩ፣ እስከ አፉ አትሙሉት። ወዲያው በረዶ ባለበት ሳጥን ጨለማ ውስጥ ይገባል፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ ምርመራው መጀመር አለበት። ከላብራቶሪ ጋር ሳትነጋገሩ ባትጀምሩት ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ነፍሳት

ይህ የምወደው ክፍል ነው። ኬሚካሉ የሚነግራችሁ ያቺ ደቂቃ ላይ ያለውን ነው። ሌሊት ተለቅቆ ጠዋት ያለፈ መርዝ ጠርሙሳችሁ ውስጥ አይገኝም። ድንጋይ ስር ያሉት ነፍሳት ግን ወራት፣ አንዳንዶቹ ከዓመት በላይ ውሃ ውስጥ ይኖራሉ። የሆነውን ሁሉ አይተዋል። ከሞቱ መጥፋታቸው ይናገራል።

ይህን ሥራ ኬሚካሉን ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ ሥሩ፤ ወለሉን ስለሚበጠብጥ። መረቡን ከእግራችሁ በታች ውሃው በሚሄድበት በኩል ወለሉ ላይ ያዙ። ከፊቱ ያለውን ጠጠር በእግር ቀስቅሱ። ነፍሳቱ ተነሥተው በውሃው ግፊት መረቡ ውስጥ ይገባሉ። ቦታ እየቀያየራችሁ በድምሩ ሦስት ደቂቃ በሰዓት ቆጣሪ ሥሩ። ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ድንጋይ እያነሣችሁ የተጣበቁትን በእጅ ልቀሙ። ነጩ ሳህን ላይ ትንሽ ውሃ አድርጉና ገልብጡት። ዝም ብላችሁ ለደቂቃ እዩት። መጀመሪያ ቅጠልና አሸዋ ብቻ ይመስላል፤ ቀስ በቀስ ሁሉም መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ንጹሕ ውሃ የሚወዱ ሦስት ቡድኖችን መለየት ተማሩ። ሜይፍላይ የሚባለው እጭ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጭራ አለው፤ በሆዱ ግራና ቀኝ መተንፈሻ ክንፈ መሰል ነገር ይታያል። ስቶንፍላይ ሁለት ጭራ ብቻ አለው፣ ሆዱ ጎን ላይ መተንፈሻ የለውም። ካዲስፍላይ ትል ይመስላል፤ ብዙዎቹ ከአሸዋ ወይም ከእንጨት ስባሪ ራሳቸው የሠሩት ቤት ውስጥ ይኖራሉ። እነዚህ ሲገኙ፣ በተለይ በዓይነት ሲበዙ፣ ጥሩ ምልክት ነው። የውሃ ተርብ እጭና ሸርጣን መካከል ላይ ናቸው። አልቅት፣ ቀያይ ቀጫጭን ትሎችና ደም የመሰሉ የጥቃቅን ዝንብ እጮች ኦክስጅን ያነሰበትን ውሃ ይችላሉ። የእጮቹ ቅላት ራሱ ሄሞግሎቢን ነው፤ ያለችውን ጥቂት ኦክስጅን አጥብቆ ይይዝላቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት አይታችሁ ይሆናል። ሰው አንድ ቀይ ትል አይቶ «ወንዙ ተበክሏል» ይላል። እነዚህ ትሎች ንጹሕ ወንዝ ውስጥም አሉ። የሚያሳስበው እነሱ ብቻ ሲቀሩ ነው።

ነጥብ አሰጣጡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቡድን ነጥብ አለው፤ ለብክለት የሚሳሳው ከፍተኛ፣ የሚችለው ዝቅተኛ። ያገኛችኋቸውን ነጥብ ደምራችሁ ለቡድኖቹ ብዛት ታካፍላላችሁ። ነጥቡ ግን ለአካባቢው የተዘጋጀ መሆን አለበት። ለሌላ አህጉር የወጣ ሠንጠረዥ እንዳለ አትውሰዱ። ስትጨርሱ ሁሉንም ወደ ወንዙ መልሱ።

ደረጃ 9፦ መዝገብ

እዚያው ወንዙ ዳር ይጻፍ፤ «ቤት ስገባ አስታውሰዋለሁ» አይሠራም። በእርሳስ ጻፉ፤ ቀለም ውሃ ሲነካው ይጠፋል። የተሳሳተውን አታጥፉ፣ በአንድ መስመር ሰርዙና ትክክለኛውን አጠገቡ ጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ የለካው ሰው ምልክት፣ የዕቃው ዓይነት፣ ዝናብ፣ የውሃው ከፍታ፣ ቁጥሩና አሃዱ ሁሉም ይኑር።

ኪቱ ምንም ካላሳየ «0» አትበሉ። ኪቱ የሚለየው ትንሹ መጠን 0.2 ከሆነ «ከ0.2 በታች» ብላችሁ ጻፉ። ዜሮ ማለትና አለማየት ለየቅል ናቸው።

ያልጠበቃችሁት ቁጥር ሲመጣ አትለውጡት። ወዲያው ድገሙት፣ ሁለቱንም ጻፉ። «ይሄማ ሊሆን አይችልም» ብሎ መተው ትልቁ ፈተና ነው። እውነተኛው አደጋ የሚታየው ብዙ ጊዜ በዚያ ቁጥር ነው።

ደብተሩን በየወሩ ፎቶ አንሡና ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ደረጃ 10፦ ራሳችሁን ፈትኑ

የበጎ ፈቃደኛ መረጃን ሰው የሚጠራጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥርጣሬውን የሚመልሰው ፈተና ነው። ከአሥር ናሙና አንዱን ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ሁለተኛውን ሌላ ሰው የመጀመሪያውን ሳያይ ይለካው። በየጥቂት ወሩ ዲስቲልድ ውሃ በናይትሬትና በፎስፌት ኪት ለኩ። ውጤት ካሳየ ጠርሙሱ ወይም ኬሚካሉ ቆሽሿል። ከተቻለ በዓመት ሁለቴ አንዱን ናሙና ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ላብራቶሪ ላኩ። የነዚህን ፈተናዎች ውጤት ከዋናው መዝገብ ጋር አብራችሁ አስቀምጡ። ስህተታችሁን በቁጥር የምታውቁ ከሆነ ሰው ያምናችኋል።

ደረጃ 11፦ ቁጥሩን ማንበብና ማድረስ

ዓመት ሳይሞላ መደምደሚያ አትስጡ። ወንዝ ወቅት አለው። ውሃው ሲያንስ ፍሳሹ ሳይጨምር እንኳ ቁጥሩ ይጨምራል፤ የሚያቀጥነው ውሃ ስለሌለ። ስለዚህ የዘንድሮን ደረቅ ወቅት ከአምናው ደረቅ ወቅት ጋር አስተያዩ። ስትጠቀልሉ ከአማካይ ይልቅ ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድራችሁ መሐል ላይ የሚውለውን ውሰዱ። የጎርፍ ቀን አንዷ ቁጥር ሁሉን እንዳትጎትተው። ላይኛውንና ታችኛውን ቦታ በአንድ ግራፍ ላይ በሁለት ቀለም ሥሩ። ከብዙ ገጽ ጽሑፍ ይልቅ ያ አንድ ሥዕል ይናገራል።

የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች ውስጥ 6.3.2 የተባለ መለኪያ አለ። አገሮች ጥሩ የውሃ ጥራት ያላቸው የውሃ አካሎቻቸው ምን ያህል እንደሆኑ የሚያሳውቁበት ነው። መሠረታዊ መለኪያዎቹ ኦክስጅን፣ ጨዋማነት፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና አሲድነት ናቸው። እናንተ ወንዝ ዳር የምትለኳቸው እነዚሁኑ ነው። መሥሪያ ቤት ስትሄዱ ይህን አንሡ፤ ንግግሩ ወዲያው ይለወጣል።

ድንገተኛ ነገር ከገጠማችሁ፣ ዓሣ ሞቶ ከተንሳፈፈ ወይም ውሃው ቀለም ከለወጠ፣ ወሩን አትጠብቁ። መጀመሪያ ስልክ ደውላችሁ ለሚመለከተው አሳውቁ። ሰውና ከብት ከውሃው እንዲርቅ አድርጉ። የሞተውን ዓሣ በእጅ አትንኩ። ሰዓቱን ጻፉ፣ ፎቶ አንሡ፣ ከቦታውና ከቦታው በላይ በንጹሕ ጠርሙስ ናሙና ወስዳችሁ አቀዝቅዙ። ኦክስጅንና ፒኤች እዚያው ለኩ። የማንም ስም አትጥሩ። «እገሌ ለቀቀው» ካላችሁ ክርክሩ ስለ እናንተ ይሆናል። «በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ፣ ኦክስጅኑ 1.5 ነበር፤ ከላይ ግን 7» ካላችሁ ክርክሩ ስለ ወንዙ ይሆናል።

ውጤቱን ወንዙ ዳር ለሚኖረው ሰውም መልሱ። ድልድዩ አጠገብ አንድ ሰሌዳ ላይ የወሩን ቁጥርና ምን ማለት እንደሆነ በሁለት መስመር መለጠፍ ይበቃል። ከዚያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ያነበበ ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው በጎ ፈቃደኛ የሚሆነው። እሱ ሲመጣ ደብተሩን፣ የቦታውን ፎቶና «ከምሰሶው 12 እርምጃ ወደ ላይ» የሚለውን ማስታወሻ ስጡትና ያለ እናንተ እርዳታ ቦታውን እንዲያገኘው ላኩት። ካላገኘው ማስታወሻው ይታረም።